በሕዝብ ጀልባ ወደ ጣና ደሴቶች፦ ከባሕር ዳር ወደብ ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅንና ጎርጎራን ለማየት

ባሕር ዳር የሚመጡ ዘመዶቼ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ገዳማቱን ለማየት ጀልባ መከራየት ግድ ነው?» ግድ አይደለም። ጣና በዙሪያውና በመካከሉ ለሚኖረው ሰው መንገዱ ነው። ዘይትና ቆርቆሮ ይዞ ወደ ደቅ የሚመለስ ገበሬ፣ ቡናና ጌሾውን ሸጦ ዘጌ የሚገባ ነጋዴ፣ ለንግሥ የሚሄድ ምእመን፣ ለዕረፍት ወደ እናቱ ቤት የሚሄድ ተማሪ ይሳፈርበታል። እናንተም ትኬት ቆርጣችሁ ከእነርሱ ጋር መቀመጥ ትችላላችሁ። ከኪራዩ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ብር ይተርፋችኋል፤ እኔን የሚያስደስተኝ ግን አብሮ መጓዙ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከአንዲት የዘጌ እናት አጠገብ ተቀምጦ ስለ ቡናዋ ያልጠየቀ ሰው ዘጌን ያየው በግማሹ ነው።

ይህ ጉዞ ግን የራሱ ሕግ አለው። የኪራይ ጀልባ እናንተን ይጠብቃል፤ የሕዝብ ጀልባ አይጠብቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ስታነብቡ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ያዙልኝ፦ ጀልባው የሚያድረው የት ነው?

ከሁሉ በፊት መንገዱን ጠይቁ

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የጸጥታው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ መንገድም የመንቀሳቀሻ ሰዓትም ሊገደብ ይችላል። ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ወደቡ ላይ ጠይቁ፤ ያረፋችሁበትን ሆቴል ሠራተኞችም ጠይቁ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከምትሄዱበት ደሴት በዚያው ሰሞን የመጣ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «ዘንድሮ ይቆያችሁ» ካላችሁ ይቆይ። መታወቂያችሁን ደግሞ ለአጭር ጉዞም ቢሆን ከኪሳችሁ አትለዩት።

የት ለመድረስ ታስባላችሁ?

ጣና በካርታ ላይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴቶቹም ብዙውን ጊዜ 37 ተብለው ይቆጠራሉ። ሁሉንም በአንድ ጉዞ ለማየት የሚነሣ ሰው ሲቸኩል ውሎ የሚያስታውሰው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ይሆናል። አንዱን ምረጡ።

ከሁሉ የሚቀርበው ደብረ ማርያም ነው። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ ያለች ደሴት ናት፤ ከከተማው ዳር በትንሽ ጀልባ ወይም በታንኳ ሩብ ሰዓት ያህል ብትጓዙ ትደርሳላችሁ። የአካባቢው ሰው በየቀኑ የሚሻገርበት መሥመር ስለሆነ መመለሻው አያሳስብም። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ወደዚህ ይሂድ። ጠዋት በማለዳ ከተሻገራችሁ ጉማሬ የማየት ዕድልም አላችሁ፤ በሩቁ ብቻ ይሁን።

ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ በሞተር ጀልባ የግማሽ ሰዓት መንገድ ናቸው። መነኮሳት እንጂ ገበያተኛ የሚኖርባቸው ስላልሆኑ ግን የሕዝብ ጀልባ እንደ ልብ አይገኝላቸውም። ወደነርሱ ለመሄድ ወደቡ ላይ አራት አምስት ሰው ሆናችሁ ተሰባስባችሁ አንድ ጀልባ መያዝ ይሻላል። በወር በ19 የገብርኤል ዕለት ከሆነ የሚሳለሙ ምእመናን ስለሚኖሩ ከእነርሱ ጋር ተዳብላችሁ መሄድ ይቀልላችኋል።

ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣና አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ሁልጊዜ የምመክረው ይህንን ነው።

ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ በሐይቁ መካከል ጎን ለጎን ያሉ ናቸው። በሕዝብ ጀልባ ከሆነ ሳያድሩ ለመመለስ ማሰብ ከንቱ ነው። ጣና ቂርቆስ በምሥራቁ ዳርቻ ስለሆነ የምዕራቡን ዳርቻ ይዞ በሚጓዘው ትልቅ ጀልባ አይደረስም፤ ለእርሱ ኪራይ ያስፈልጋል።

ከመምረጣችሁ በፊት ግን ከናንተ ጋር ሴት ካለች አስቡበት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳማት ናቸው፤ ሴት አትገባባቸውም። በዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ እንዲሁም እንጦስ ኢየሱስና ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ይህንን የማስጠነቅቀው በአክስቴ ላይ ስለደረሰ ነው። ከአዲስ አበባ ለስለት መጥታ ነበር፤ እኔም ሳልነግራት ክብራን ድረስ ወሰድኋት። እኛ ወጥተን እስክንመለስ ጀልባው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ደሴቲቱ ዞራ ስትጸልይ ቆየች። ቅር አላላትም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚያው ዕለት እንጦስን አስቀድመን ቢሆን ኖሮ ስለቷን በእግሯ ቆማ ባደረሰች ነበር።

ትኬቱንና ሰዓቱን መያዝ

የባሕር ዳር ወደብ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ በሐይቁ ዳር ነው። ባጃጅ ለሚነዳ ሰው «ወደ ጀልባ ወደቡ» ካላችሁት ይበቃል። እግረ መንገዳችሁን ሁለት ዓይነት አገልግሎት ለይታችሁ ዕወቁ። አንደኛው የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ነው፤ ትኬት በመስኮት ይቆረጣል፣ ዋጋው የተወሰነ ነው። ሁለተኛው የማኅበራትና የግለሰቦች የሞተር ጀልባ ነው፤ የሚሄደው በኪራይ ሲሆን ዋጋው በስምምነት ነው። በር ላይ የሚቀበሏችሁ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛው ሰዎች ናቸው። በትሕትና አመስግናችሁ እለፉና ትኬት ቆራጩን ጠይቁ።

ለብዙ ዓመታት የታወቀው ረጅሙ መሥመር በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፦ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ዘጌንና ደቅን ነክቶ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ባለችው ቁንዝላ አድሮ፣ በማግሥቱ በደልጊ በኩል በሰሜኑ ዳርቻ ያለችው ጎርጎራ ይገባል። ወደ ዘጌ ብቻ የሚሄደው ደግሞ ጠዋት ይነሣል። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ በወደቡ አረጋግጡ፤ የሐይቁ ውኃ ሲቀንስ፣ ሞተር ሲበላሽ ወይም ጭነት ሲዘገይ ሊለወጥ ይችላል። «1 ሰዓት» ሲባል በ12 ሰዓት ተኩል ተገኝታችሁ መሰለፍ ማለት ነው። ከውጭ አገር የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ደግማችሁ ንገሩት፤ ጠዋት 1 ሰዓትን ከእኩለ ቀን በኋላ ያለው 1 ሰዓት አድርጎ የተረዳ ሰው ባዶ ወደብ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ እንመለስ። መስኮቱ ጋ ቆማችሁ «መቼ ይመለሳል?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ «ይመለሳል» ሊሆን ይችላል፤ እውነትም ነው፣ ቀኑ ግን አልተነገራችሁም። «ጀልባው ዛሬ የሚያድረው የት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን መልሱ የቦታ ስም ነው። ባሕር ዳር የሚያድር ከሆነ ማታ ትመለሳላችሁ። ዘጌ የሚያድር ከሆነ የዘጌን ሰው ጠዋት ወደ ከተማ አምጥቶ ከሰዓት በኋላ የሚመልስ ጀልባ ነው፤ የሚጓዘው ከእናንተ በተቃራኒ ነው። ቁንዝላ የሚያድር ከሆነ ደቅ ላይ ያወርዳችሁና ይሄዳል።

ይህንን የተማርሁት በራሴ ነው። ገና ወጣት ሳለሁ ደቅ ላይ ወርጄ፣ ጀልባው ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል ብዬ ገመትሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ዳርቻው ስመለስ ጀልባው በምዕራብ በኩል ነጥብ አህሎ ይታየኝ ነበር። መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አዩኝና ምንም ሳይጠይቁ «ና፣ ልጄ፣ ዛሬ ከኛ ጋር ነህ» አሉኝ። ቤታቸው አደርሁ፤ እግሬን አጥበው መደብ አነጠፉልኝ። በማግሥቱ ወደ ከተማ በሚመጣ ትንሽ የሞተር ጀልባ ተመለስሁ። ያንን ሌሊት በምንም አልለውጠውም፤ ይሁን እንጂ ቤት የምትጠብቀኝ እናቴ እንቅልፍ አልተኛችም ነበር። ስልክ ስላላችሁ አትዘናጉ፤ በሐይቁ መካከል ኔትወርክ ይጠፋል፤ ስለዚህ የምትመለሱበትን ቀን ከመነሣታችሁ በፊት ለቤተሰብ ተናገሩ።

ስንቅና ልብስ

ስንቃችሁ የሚጠጣ ውኃና የማይበላሽ ምግብ ይሁን፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሎሚ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በአጽዋማት ከሆነ ገዳም ውስጥ የጾም ምግብ ብቻ አውጡ። ዝርዝር ብር በብዛት ያዙ፤ በቴሌብር እከፍላለሁ ብላችሁ ኔትወርክ በሌለበት ደሴት ላይ አትቸገሩ። የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻ ነው፤ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ገንዘቡ ሥዕሉንና ጣሪያውን ለማደስ እንዲውል ደረሰኙ ይጠቅማል።

ለገዳም የሚወሰድ ነገር ከፈለጋችሁ ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ውሰዱ። ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶችም ረጅም ሱሪ። ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ቶሎ የሚወልቅ፣ ነገር ግን የጫካ ድንጋይ የሚችል ጫማ አድርጉ። ውኃው የፀሐዩን ብርሃን ስለሚመልስ ፊት ከታችም ከላይም ይቃጠላል፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቀዝቃዛው አየር ያታልላችኋል። ኮፍያ አትርሱ።

ጀልባው ላይ

የጣና ጠዋትና የጣና ከሰዓት ሁለት የተለያዩ ሐይቆች ናቸው ማለት ይቻላል። ጠዋት ውኃው እንደ መስተዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ይከተላል። የሐይቁ ጥልቀት ከፍተኛ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ሆኖ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ማለዳ መነሣትና ከቀትር በፊት መድረስ ከምመክረው ሁሉ የሚበልጠው ምክር ነው። ትንሽ ጀልባ ነጂ «ነፋሱ እስኪበርድ እንቆይ» ካላችሁ አትቆጡት፤ ልጆቹን የሚያስብ ሰው ነው።

ስትሳፈሩ አስቀድማችሁ የሕይወት አድን ጃኬቱ የት እንዳለ እዩ። ጃኬቱ ከጭነት ሥር ከሆነ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። በንግሥ ዕለት፣ ለምሳሌ የካቲት 16 ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ሕዝቡ ስለሚበዛ ጀልባዎች ከልክ በላይ ሊጭኑ ይችላሉ። የጀልባው ጠርዝ ወደ ውኃው በጣም ቀርቦ ካያችሁ አትሳፈሩ፤ ቀጣዩን ጠብቁ። ኪዳነ ምሕረት የዘገየ ምእመን አትቀየምም።

ልጆች ካሉ ወደ መካከል አስቀምጧቸው። የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ከሞተሩ ራቁ፤ የነዳጁ ሽታ ከማዕበሉ የከፋ ነው። ሐይቁ ዳር ላይ ግን እግራችሁን አትንከሩ፣ አትዋኙም፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ተክል ታያላችሁ፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስቸገረው እምቦጭ ነው። ሐምራዊ አበባው ሲያምር ቆርጦ ለመውሰድ ያጓጓል፤ በፍጹም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከሥሩ ቁራጭ እንኳ ይባዛል።

ከወደቡ ብዙም ሳትርቁ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ታያላችሁ። የወይጦ ሰዎች ይህን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ብዙ አይቆይም፤ ቶሎ ቶሎ በአዲስ ይተካል። ደንገሉ በየዳርቻው እየተመነጠረ ባለበት ዘመን ይህ ጥበብ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ቀዛፊውን አስፈቅዱ።

ዘጌን በእግር

የቱሪስት ጀልባ በቀጥታ ገዳማቱ ሥር ያወርዳል። የሕዝብ ጀልባ ግን ሕዝቡ በሚኖርበት በዘጌ መንደር ነው የሚያወርዳችሁ፤ ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግር ነው። ይህንን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። ጫካው ራሱ ጉብኝት ነው፤ ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና በቅሏል፣ ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ በየአጥሩ የቡና ፍሬ ይሰጣል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት አቡነ በትረ ማርያም መቋሚያቸውን ሰባብረው ተከሉትና ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ለነዋሪውም ከዚህ ትኖራላችሁ፣ አታርሱም አሉት። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ቃል ኪዳን ነው ብሎ የዘጌ ሰው ያምናል፤ እኔም ያንን ጥላ አይቼ ላለማመን አልችልም።

ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመሄጃና ለመመለሻ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ መድቡ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉብኝት ከዚህ ውጭ ነው። የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ያዙ፤ ዋጋውን ግን ሳትነሡ ተስማሙ። አባቶችን ስታገኙ «አባ፣ ይፍቱኝ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መካከሉ መቅደሱ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቆዩ፤ ከዚያ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹ ብቅ ይላሉ። በላዔ ሰብእን ፈልጉት፤ ለጥማተኛ በሰጣት ጥቂት ውኃ በእመቤታችን ቃል ኪዳን የዳነውን። ልጆች ካሉ ታሪኩን እዚያው ቁማችሁ ንገሯቸው። ካሜራ በብልጭታ አታንሡ፤ ቀለሙን ይጎዳል። ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ አዝዋ ማርያም ተሻገሩ።

የመመለሻው ጀልባ ቢያመልጣችሁ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የየብስ መንገድ አለ፤ መኪናው የሚሄደው ግን ብርሃን ሳለ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት ድረስ ወደ መንደሩ ተመለሱ።

ደቅ ላይ ማደር

ሁለት ወይም ሦስት ቀን ካላችሁ ወደ ደቅ ሂዱ። የጣና ትልቁ ደሴት ነው፤ ገበሬ የሚያርስበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ አብያተ ክርስቲያናት በየዛፉ ሥር የቆሙበት ነው። ሆቴል አትጠብቁ። ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ሄዳችሁ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ፤ ማደሪያ በእነርሱ በኩል ሲገኝ ለእናንተም ለአሳዳሪውም ደግ ነው። ብርድ ልብስና የእጅ መብራት ያዙ። ለአስተናገዳችሁ ቤት ስኳር፣ ቡና ወይም ሳሙና ይዛችሁ መሄድ ብር ከመስጠት ይልቅ ይከበራል።

ናርጋ ሥላሴ በደቅ ምዕራብ ጎን ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሠሩት። ከሥዕሎቹ መካከል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እቴጌዪቱ ከእግሯ ሥር ተደፍተው የሚታዩበት አለ። ንግሥት ራሷን በዚያ ቦታ ማስቀመጧ እኔን ሁልጊዜ ይነካኛል።

ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ለመሻገር ደቅ ላይ ትንሽ ጀልባ መነጋገር ያስፈልጋል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ውጡ። በዕቃ ቤቱ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም እንዳለ ይታወቃል። ፊት ለፊታቸው ስትቆሙ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

እስከ ጎርጎራ ለሚቀጥል

ጀልባው ቁንዝላ ሲያድር ማደሪያው ቀላል ነው፤ ቀደም ብላችሁ ወርዳችሁ አልጋ ያዙ፣ ጠዋት የሚነሣበትን ሰዓት ከካፒቴኑ ጠይቁ። በማግሥቱ ጎርጎራ ትገባላችሁ። ደብረ ሲና ማርያም ከወደቡ ቅርብ ናት፤ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎቿን ሳታዩ አትለፉ። አሁን በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ማረፊያም እዚያው ነው።

ከጎርጎራ እስከ ጎንደር በጭዋሂት፣ በቆላ ድባና በአዘዞ በኩል 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀልባው ከሰዓት በኋላ ስለሚደርስ ከወረዳችሁ በኋላ መጀመሪያ ወደ መናኸሪያው ሂዱና የመጨረሻው መኪና የሚነሣበትን ሰዓት ጠይቁ። ሰዓቱ ከበቃ ወደ ደብረ ሲና ተመለሱ፤ ካልበቃ እዚያው እደሩና ሥዕሎቹን በጠዋት ብርሃን እዩ።